የፕራያግራጁ የወንዝ መገናኛ በዓል፦ ሄዶ፣ አይቶ፣ በሰላም ለመመለስ

ሕንድ ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ሂንዱዎች ኃጢአታቸውን ሊያጥቡ ወንዝ ውስጥ ወደሚታጠቡበት ወደዚህ በዓል ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞዬ ከሽፏል። ቀኑን ሳላጣራ በዋናው የመታጠቢያ ቀን ዋዜማ ደረስኩ፣ ሙሉ ሌሊት በእግሬ ተጓዝኩ፣ ጓደኛዬ ጠፋብኝ፣ ውሃውን በቅጡ ሳላየው ባቡሬ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ እዚያው ሕንድ ከሚማሩ ልጆችም ተመሳሳይ ታሪክ እየሰማሁ ነው። ስህተቶቹ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው፦ ቀን አለመምረጥ፣ ወንዞቹ የሚገናኙባት ጫፍ ላይ ካልደረስኩ ብሎ ሙጭጭ ማለት፣ መውጫን አለማሰብ። ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ቦታው ፕራያግራጅ ነው፣ የቀድሞ ስሙ አላሃባድ፣ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት ውስጥ። ጋንጋ (ጋንጀስ) እና ያሙና ይገናኙበታል። ሂንዱዎች በዓይን የማትታይ ሦስተኛ ወንዝ፣ ሳራስዋቲ፣ እዚያው ትቀላቀላለች ብለው ያምናሉ። መገናኛውን ሁሉም ሰው ሳንጋም ነው የሚለው፣ ስትጠይቁም በዚሁ ስም ጠይቁ።

## 1. መጀመሪያ የትኛው በዓል እንደሆነ ለዩ

ፕራያግራጅ ላይ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ማግ ሜላ ይደረጋል። ኩምብ ሜላ የሚባለው ትልቁ ግን በየ12 ዓመቱ ነው፣ በመሃል በ6ኛው ዓመት ደግሞ ግማሽ ኩምብ አለ። የመጨረሻው ትልቁ ከጃንዋሪ 13 እስከ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025 ነበር። መንግሥት ከ660 ሚሊዮን በላይ ሰው ታጥቧል ብሏል።

«ዘንድሮ ኩምብ አለ» ያላችሁን ሰው ወዲያው «የት ከተማ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኩምብ በአራት ከተሞች ይዞራል። በ2027 ናሺክ፣ በ2028 ኡጃይን ነው፣ እነሱ ጋ ያለው ወንዝም ሌላ ነው። የሁለት ወንዝ መገናኛ ማየት ከፈለጋችሁ ፕራያግራጅ ብቻ ነው።

የእኔ ምክር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የኩምብን ዓመት አትጠብቁ። ማግ ሜላ ያው ወንዝ፣ ያው ድንኳን ከተማ፣ ያው ጸሎት ነው፣ ሕዝቡ ግን በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። የሚቀርባችሁ የመነኮሳቱ ማኅበራት (አካራዎች) ትልቁ ሰልፍ ነው።

## 2. ቀን ምረጡ

ከሁሉም ደረጃ ይሄ ይበልጣል። ጊዜ ስጡት።

ዋና የመታጠቢያ ቀኖቹ በጨረቃ ይቆጠራሉ፣ ስለዚህ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። በስልካችሁ የጨረቃ ካላንደር ክፈቱና እንዲህ ተከተሉ፦

- በዓሉ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጃንዋሪ ሙሉ ጨረቃ ነው፣ ፓውሽ ፑርኒማ ይባላል። ማካር ሳንክራንቲ ከቀደመ ግን በእሱ ይጀምራል።
- ማካር ሳንክራንቲ ብቻ በፀሐይ ይቆጠራል፦ ጃንዋሪ 14 ወይም 15፣ ማለትም ከጥምቀታችን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጥር 6 ገደማ።
- ከፓውሽ ፑርኒማ ቀጥሎ ጨረቃ ጨርሳ የምትጠፋበት ቀን ማውኒ አማቫስያ ነው። ከሁሉም የሚጨናነቀው ይሄ ነው።
- ከእሱ አምስት ቀን ገደማ በኋላ ባሳንት ፓንቻሚ፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ ማጊ ፑርኒማ፣ መዝጊያው ማሃ ሺቫራትሪ።

ካገኛችሁት በኋላ ትክክለኛውን ቀን ከግዛቱ መንግሥት ማስታወቂያ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ከእነዚህ ቀኖች ራቁ፣ በተለይ ከማውኒ አማቫስያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ቀኖች ሰርዟቸው። በዋና ቀን መኪና ወደ በዓሉ ሜዳ አይገባም፣ ጀልባ ይቆማል፣ መንገዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆናሉ፣ ሳንጋም የሚባለው ባቡር ጣቢያም ይዘጋል። በተራ ቀን በኤሌክትሪክ ባጃጅ ወንዙ አጠገብ ትደርሳላችሁ።

«የጃንሜዳን ግፊያ ለምጃለሁ» አትበሉ፣ እባካችሁ። ጃንሜዳ ላይ ታቦቱ ሲንቀሳቀስ ሕዝቡ አብሮት ይሄዳል። እዚህ ግን የሚመጣውና የሚሄደው ሰው በጠባብ የወንዝ ዳርቻ ላይ ፊት ለፊት ይጋጠማል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ማውኒ አማቫስያ ሌሊት በመንግሥት ቁጥር 30 ሰው በመረጋገጥ ሞቷል። ከተረገጡት መካከል ንጋትን እየጠበቁ ወንዙ ዳር የተኙ ነበሩ።

## 3. ወረቀታችሁን ጨርሱ

ቢጫ ወባ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ ሕንድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ 10 ቀን በኋላ ነው። ካርድ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ለብቻው ሊቆይ ይችላል። ከበረራው ሳምንት በፊት መሯሯጥ ዋጋ የለውም፣ ወር ቀደም ብላችሁ ተከተቡ። የሌላ አገር ፓስፖርት ይዛችሁ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጠይቃችሁ የምትቀጥሉም ይመለከታችኋል።

ቪዛ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላችሁ አዲስ አበባ ያለውን የሕንድ ኤምባሲ ጠይቁ። በኢንተርኔት የምታመለክቱ ደግሞ ቅጹን የምትሞሉበት ድረ ገጽ ስሙ «ጎቭ ዶት ኢን» ብሎ ማለቁን እዩ። የመንግሥት መስለው እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ሞልተዋል። ሁለት ቅጂ አትሙ፣ አንዱን ከፓስፖርቱ ለይታችሁ ያዙ።

ገንዘብ። ሩፒ ከውጭ ይዛችሁ አትግቡ። ዶላር ይዛችሁ እዚያ መንዝሩ። ጀልባ፣ ሻይና ባጃጅ የምትከፍሉበት የ10፣ የ20፣ የ50 እና የ100 ሩፒ ኖቶች በብዛት ያዙ። በ500 ኖት መልስ የሚሰጣችሁ አታገኙም።

## 4. ባቡሩን ያዙ

ከአዲስ አበባ ወደ ደልሂና ወደ ሙምባይ ቀጥታ በረራ አለ። ደልሂ ይሻላል። ከዚያ ፕራያግራጅ በባቡር ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ነው፣ ማታ ተነስቶ ጠዋት የሚያደርስ ባቡር አለ። የአገር ውስጥ በረራም አለ።

1. ቲኬት የሚከፈተው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። በተከፈተ ቀን ግዙ።
2. ባለ ሦስት ደርብ አልጋ፣ አየር ማቀዝቀዣ ያለውን (ኤሲ) ክፍል ምረጡ። አንሶላና ብርድ ልብስ ይሰጣል።
3. ቲኬቱ ላይ ያለውን ሁኔታ አንብቡ። «የተረጋገጠ» ካለ አልጋ አላችሁ። «አርኤሲ» ካለ መቀመጫ ከሌላ ሰው ጋር ትጋራላችሁ። «ዌይቲንግ ሊስት» ካለ ቲኬት የላችሁም ማለት ነው፣ በኢንተርኔት የተገዛ ከሆነ ካልተረጋገጠ ራሱ ይሰረዛል። ብዙ ልጆች ይህን እንደ ቲኬት ይዘው ጣቢያ ሄደው አልቅሰዋል።
4. ባቡሩ ከሚነሳበት ጣቢያ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ ካለ ጣቢያ በበዓል ሰሞን በሩ ላይ መድረስ ራሱ ፈተና ነው።

ሲበላሽ፦ በጥር የሰሜን ሕንድ ጭጋግ ባቡሩን ለሰዓታት ያዘገየዋል፣ አውሮፕላንም ያስቀራል። ለዚህ ከመመለሻ በረራችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ባዶ ተዉ። የፕራያግራጅ ቲኬት ያለቀባችሁ እንደሆነ ቫራናሲ ግቡና 120 ኪሎ ሜትር ገደማውን በመኪና ኑ። የባቡር መረጃ ስልክ 139 ነው።

## 5. ማደሪያ፦ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ አትክፈሉ

ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ «ፎርም ሲ» የሚባል ቅጽ ለመንግሥት መላክ አለበት። ይህን የማይሠሩ ርካሽ ማደሪያዎች አሉ። በኢንተርኔት ገንዘባችሁን ይቀበሉና ሌሊት በሩ ላይ ፓስፖርቱን ሲያዩ «የውጭ ሰው አንይዝም» ይሏችኋል። እኔ ላይ ደርሷል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሻንጣ ይዤ ቆሜያለሁ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው፦ የውጭ ዜጋ ትቀበላላችሁ? ፎርም ሲ ትሞላላችሁ? መልሱን በጽሑፍ ያዙት።

ድንኳን ወይስ ሆቴል? ሲቪል ላይንስ በሚባለው ሰፈር ያለ ሆቴል ሙቅ ውሃና በር አለው፣ ግን ከወንዙ ይርቃል። ሜዳው ላይ ያለ ድንኳን ንጋቱን፣ መዝሙሩን፣ ወሩን ሙሉ በቀን አንዴ እየበሉ የሚቀመጡትን ካልፕቫሲዎች ያሳያችኋል። አንድ ሌሊት ድንኳን፣ የቀረውን ሆቴል አድርጉት። ለድንኳን ስትከፍሉ የሴክተሩን (የሜዳውን ክፍል) ቁጥርና በየትኛው ተንሳፋፊ ድልድይ በኩል እንደሚደረስ ጠይቁ። ይህን የማይመልስ ሻጭ ድንኳን የለውም።

## 6. ቦርሳችሁ ውስጥ

ሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ እርጥብ ጭጋግ ስላለው ከቁጥሩ በላይ ይበርዳል። ጋቢ ያዙ። እውነቴን ነው፣ ከሁሉም ዕቃዬ የጠቀመኝ ጋቢዬ ነው፣ ባቡር ላይም ድንኳን ውስጥም።

ምግብ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ኳንታ አትያዙ። ኡታር ፕራዴሽ ውስጥ የከብት ሥጋ በሕግ የተከለከለ ነው፣ በዓሉ ሜዳ ላይ ደግሞ ማንኛውም ሥጋና አልኮል አይገባም። ይህ ለእነሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ ፖሊስ ጋ ያደርሳል። የኤሌክትሪክ ሲጋራ አገር አቀፍ ክልክል ነው፣ ድሮንም ያለ ፈቃድ አይሆንም።

ለጾመኞች አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚያ «ቬጅ» የተባለ ምግብ ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው። ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የሚባለው አይብ ሁሉ ይገባበታል። ጾመ ነነዌ ወይም ዐቢይ ጾም ከገጠማችሁ «ጊ ናሂ፣ ዱድ ናሂ» (ቅቤ የለም፣ ወተት የለም) በሉ፣ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ (ፑሪ) እና ድንች በየቦታው አለ።

የቀረው፦ ኦአርኤስ፣ የተቅማጥና የትኩሳት መድኃኒት፣ ፓወር ባንክ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ፣ ቶሎ የሚደርቅ ጥቁር ልብስ፣ ፎጣ፣ ነጠላ ጫማ። ወርቅ ቤት ተዉ።

## 7. ከመግባታችሁ በፊት የመገናኛ ቦታ ወስኑ

በትልቁ ቀን የስልክ መስመር ይጨናነቃል። እኔና ጓደኛዬ «ብርቱካናማው ባንዲራ ጋ» ተባብለን ተለያየን። ካህናቱ ሁሉ ደንበኞቻቸው እንዲያገኟቸው የየራሳቸውን ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ብርቱካናማውን ብቻ ብትቆጥሩት አይዘለቅም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው የተገናኘነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

1. የማይንቀሳቀስና ቁጥር ያለው ነገር ምረጡ፦ የመብራት ምሰሶ ቁጥር፣ የሴክተር ቁጥር፣ የድልድይ ቁጥር። ፎቶ አንሱት።
2. ቦታው ከወንዙ ራቅ ያለ ይሁን። ውሃው ዳር ቆሞ ሰው መጠበቅ አይቻልም፣ ፖሊስም ያስነሳል።
3. ሰዓት ቁረጡ፦ «በየሰዓቱ መጀመሪያ፣ ለ10 ደቂቃ።»
4. የማደሪያችሁን ስምና ስልክ በሂንዲ አስጽፋችሁ እያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ክተቱ። ልጅ ካለ እጁ ላይ ጻፉ።

ሰው ከጠፋ፦ «ኮያ ፓያ» የሚል ጽሕፈት ያለበትን ካምፕ ፈልጉ፣ የጠፋና የተገኘ ማለት ነው። በድምጽ ማጉያ ስም ይጠራሉ። በራሳችሁ ቋንቋ ተናገሩበት፣ በዚያ ሁሉ ሂንዲ መሃል አማርኛ ከሩቅ ይለያል። አስቸኳይ ስልክ 112፣ አምቡላንስ 108።

## 8. ወደ ውሃው

በተራ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ሂዱ። ጭጋጉ ይገፈፋል፣ የንጋቱ ሕዝብም ይቀንሳል።

የመገናኛው ጫፍ ላይ ካልደረስን አትበሉ። ሁሉም የሚፈልገው እሱን ስለሆነ አደጋውም እዚያ ነው። ከያሙና ማዶ ያለው አራይል ዳርቻ ሰፋ ያለ ነው፣ መገናኛውን ፊት ለፊት ያሳያል።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ከምሽጉ አጠገብ ካለው ኪላ ጋት ወይም ከአራይል ተነሱ። ዋጋውን ለሙሉ ጀልባ ወይስ በሰው፣ ደርሶ መልስ ወይስ መሄጃ ብቻ ብላችሁ ለዩና ቁጥሩን ስልክ ላይ ጽፋችሁ አሳዩት። የሕይወት አድን ጃኬት ሳትለብሱ አትነሱ። መሃል ላይ ስትደርሱ ደለል ያዘለው ፈዛዛው ጋንጋና አረንጓዴው ያሙና ጎን ለጎን ሲፈስሱ ታያላችሁ። እዚያ ቀስ በሉ፣ ተመልከቱት።

ጀልባ ላይም ዳር ላይም ግንባራችሁን ቀብቶ ጸሎት የሚጀምር ሰው ይመጣል፣ መጨረሻው ክፍያ ነው። ካልፈለጋችሁ ገና ሲጀምር ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ ገጥማችሁ «ናሂ፣ ባይያ» (አይ፣ ወንድሜ) በሉ። ከፈለጋችሁ ደግሞ መጠኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

«ክርስቲያን ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ መግባት አለብኝ?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። የለባችሁም። ማንም አያስገድድም፣ ቆሞ ማየት ነውር አይደለም። ከገባችሁ ግን እንደ ዋና ገንዳ አትቁጠሩት፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው ኃጢአቱን ሊያጥብ ሦስት ቀን ተጉዞ የመጣ ነው።

የምትገቡ፦

- ሙሉ ልብስ ልበሱ፣ የዋና ልብስ አይሆንም። ሴቶች ልብስ የሚቀይሩበት የተከለለ ቦታ ዳር ላይ አለ።
- አንድ ሰው ዕቃ ይጠብቅ፣ በየተራ ግቡ።
- ገመድና አጥሩን አትለፉ። ያሙና ድንገት ይጠልቃል።
- አፋችሁን ዝጉ። በፌብሩዋሪ 2025 የሕንድ የብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሰገራ ባክቴሪያ ከመታጠቢያ ልኬት በላይ ሆኖ መገኘቱን ለፍርድ አካል አሳውቋል። ቁስል ያለው ሰው አይግባ፣ ሁላችሁም ማታ በሳሙና ታጠቡ። ወንዙ ውስጥ ግን ሳሙና አትጠቀሙ።

ካሜራ፦ የሚታጠቡ ሴቶችን በፍጹም አታንሱ። በ2025 እንዲህ ያለ ቪዲዮ ያሰራጩ ሰዎች ላይ ፖሊስ ክስ መሥርቷል። አመድ የተቀቡትን ናጋ መነኮሳት ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። እምቢ ካሉ አትከራከሩ።

## 9. ግፊያ ከያዛችሁ

ምልክቱ ይሄ ነው፦ በአራቱም በኩል ሰው ሲነካችሁና እግራችሁን የምታሳርፉበትን ሳትመርጡ ስትሄዱ ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ውጡ። ከያዛችሁ ደግሞ፦

1. ክንዳችሁን እንደ ቦክሰኛ ደረታችሁ ፊት አቁሙ። ሰው የሚሞተው በብዛት መተንፈሻ አጥቶ ነው።
2. ወደ ኋላ አትግፉ። ማዕበሉ ሲገፋ አብራችሁ ሂዱ፣ ሲረግብ በሰያፍ ወደ ዳር አንድ ሁለት እርምጃ ውሰዱ።
3. ከብረት አጥርና ከግድግዳ ራቁ።
4. ጫማም፣ ስልክም፣ ፓስፖርትም ይውደቅ፣ ጎንበስ አትበሉ።
5. ከወደቃችሁ ወዲያው ተነሱ። ካልቻላችሁ በጎናችሁ ተጠቅልላችሁ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ።

ሌሊት ወንዝ ዳር አትተኙ። ቢደክማችሁም፣ ሌላው ሁሉ ተኝቶ ብታዩም።

## 10. መውጣት

ስትገቡ የሄዳችሁበት መንገድ ስትመለሱ ላይከፈት ይችላል። ተንሳፋፊ ድልድዮቹ አንዱ መግቢያ፣ ሌላው መውጫ ተብለው ይመደባሉ። ፖሊስ «ወደዚያ» ካላችሁ ቢያስረዝምም ታዘዙ፣ ወደ ኋላ ከተመለሳችሁ ከሚመጣው ሕዝብ ጋር ፊት ለፊት ትጋጠማላችሁና።

ዋናው ጣቢያ ከሳንጋም 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በበዓል ሰሞን መግቢያው በከተማው በኩል፣ ማለትም በመጀመሪያው የባቡር መድረክ (ፕላትፎርም 1) ብቻ ይሆናል፣ በሲቪል ላይንስ በኩል የሚወጣው ሰው ነው። ይህን ሳያውቁ በተሳሳተው በር ቆመው ባቡራቸው የሄደባቸው አሉ። ከባቡሩ አራት ሰዓት በፊት ከወንዙ ተነሱ።

ጣቢያው ላይ ጥንቃቄ ይጨምር። በ2013 እዚሁ ጣቢያ 36 ሰው፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 ደግሞ ኒው ደልሂ ጣቢያ 18 ሰው በመረጋገጥ ሞቷል። መድረኩ ተቀየረ የሚል ድምጽ ሲሰማ አትሩጡ፣ ደረጃው ላይ አትቁሙ። ባቡሩ ይሂድ። ሌላ ባቡር አለ።

አገር ቤት ከገባችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ሕንድ ነበርኩ፣ ጋንጋ ውስጥ ገብቻለሁ» ብላችሁ ንገሩት።